የተሻለችውን እርምጃ ፍለጋ፤ ሰንጠረዥ፣ ገበጣና ሻሕ በኢትዮጵያ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነገሌ ቦረና ሲደረስ፣ የደጋው አየር ያበቃና በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል የተዘረጋው ሰፊ ቆላ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ፊልቱ፣ እስከ ዶሎና እስከ ሞያሌ ድረስ፣ የሶማሊ አርብቶ አደሮች በሚኖሩበት አገር ሁሉ፣ አንድ የቆየ ጨዋታ አለ። ሁለት ሰዎች በግራር ጥላ ሥር ይቀመጡና አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሦስት አራት ማዕዘን በመሬት ላይ ይሥላሉ፤ የጎኖቹንም አጋማሽ በመስመር ያገናኛሉ። ከዚያ አንዱ ጠጠር፣ ሌላው የእንጨት ስባሪ ይዞ ይገጥማሉ። የጨዋታው ስም ሻሕ ነው።

ተጫዋቾቹ ተራቸው በደረሰ ቁጥር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። አሁን ባለው አቀማመጥ የትኛው እርምጃ ይሻላል? ጊዜ አጭር ነው፤ ተቃራኒው ወገን ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ የተደረገ እርምጃም አይመለስም። ይህ ጥያቄ የመሐንዲስም የዕለት ጥያቄ ነው። «ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአናጢዎች ምክር የተነገረው፣ ከመቁረጥ በኋላ መመለስ ስለማይቻል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተሻለችው እርምጃ ፍለጋ በአገራችን ምን ዓይነት ታሪክ እንደነበረው፣ በሌላውም ዓለም እንዴት ወደ ስሌት ሳይንስ እንደተለወጠ ይቃኛል። ታሪኩ በሦስት ሰሌዳዎች ዙሪያ ይዞራል፤ በደጋው ሰንጠረዥ፣ በሁሉም ዘንድ በሚገኘው ገበጣና በደቡቡ ቆላ ሻሕ።

ሰንጠረዥ በነገሥታትና በመሳፍንት ዘንድ

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል የአብዛኛው አንባቢ ሐሳብ የሚሄደው በመደዳና በዓምድ ወደ ተደረደረ አኀዝ ነው። መሐንዲሱም የብረት ክብደትንና የውሃ ፍሰትን የሚያነበው ከሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ግን ቀድሞ የጨዋታ ስም ነበር። በሕንድ ቻቱራንጋ የተባለው ጨዋታ በፋርስ ቻትራንግ፣ በዐረብ ሸትረንጅ ሆኖ፣ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ተባለ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ቼዝ ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት የቆየ ለመሆኑ ምስክር አለ። ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508-1540) ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ የተጻፈ የመንገደኞች ቃል ያወሳል። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ጽፏል። ከሁሉም በላይ ሕጉን በዝርዝር የተወልን በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የነዚህንና የሌሎችን ምስክርነት ሰብስበው ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ጥናት አሳተሙ።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፣ ስድሳ አራቱ ቤቶች በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይለዩ ነበር። በዚያ ላይ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። የንጉሡ፣ የፈረሱና የደሩ አካሄድ ከዛሬው ቼዝ ብዙም አይለይም። ፈርዝ ግን በዛሬው ቼዝ ንግሥት በምትቆምበት ስፍራ ቢቆምም ኃይሉ ትንሽ ነው፤ በአግድመት አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊልም በአግድመት አንድ ቤት ዘሎ በሁለተኛው ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ፈርዝ ዕድሜውን ሙሉ ከስድሳ አራቱ ቤቶች ሠላሳ ሁለቱን ብቻ፣ አንድ ፊል ደግሞ ስምንቱን ብቻ ሊረግጥ ይችላል። እንደዚህ ባለ ደካማ ሠራዊት ማሸነፍ ጥቃቅን ነገርን እየቆጠሩ መሄድን ይጠይቅ ነበር።

ወረራ፤ ተራ የሌለበት ጨዋታ

ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። በሌላው ዓለም አንዱ አንድ እርምጃ ሲያደርግ ሌላው በተራው ይመልሳል። በሰንጠረዥ ግን በመጀመሪያው ክፍል፣ ወረራ በሚባለው፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በፈቀደው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ይህ ደንብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለተሻለችው እርምጃ ፍለጋ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። በተራ በሚካሄድ ጨዋታ አሳቢው «እኔ ይህን ባደርግ፣ እሱ ያንን ቢያደርግ» እያለ ሐሳቡን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ሊያሰፋ ይችላል። በወረራ ጊዜ ግን ቅርንጫፉ የሚበቅልበት ግንድ የለም። ተቃራኒው አንድ እርምጃ ይውሰድ ዐሥር አይታወቅም። በቃል የተጠና አከፋፈትም አይረዳም። የሚረዳው የተቃራኒውን እጅ መመልከት፣ እሱ አሰላለፉን ሲለውጥ ወዲያው መለወጥ፣ ከሁሉም በላይ መቼ እንደሚቆም ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበላ ሰው ወረራውን ይዘጋል፤ የራሱ ሰልፍ ሳይስተካከል ከዘጋው ስሕተቱን የሚያርምበት ነፃ ጊዜ አያገኝም።

የመጨረሻውም ደንብ እንዲሁ የተለየ ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ቢቻልም ብዙ አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝና በመደቅ የተገደለ እንደሆነ ግን የጥበብ ምልክት ነበር። ከዚህም ሌላ ጭፍሮቹን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ደግሞ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ካልተገደለ ጨዋታው እኩል ይወጣል።

የባግዳድ አልማዝና የኢትዮጵያ ሕግ

ሕግ የእርምጃን ዋጋ እንዴት እንደሚለውጥ ለማሳየት ከአንድ የቆየ እንቆቅልሽ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በ10ኛው ምእተ ዓመት በባግዳድ የኸሊፋዎች አደባባይ አስ-ሱሊ የሚባል ታላቅ የሸትረንጅ ጠቢብ ነበር። በሰሌዳው ላይ አራት ጠጠሮች ብቻ፣ ሁለት ንጉሦችና ሁለት ፈርዞች፣ ያሉበትን አንድ አቀማመጥ ትቶ፣ እርሱ ካስተማረው ሰው በቀር በምድር ላይ የሚፈታው እንደሌለ ጻፈ። ይህ «የአስ-ሱሊ አልማዝ» የተባለው ጥያቄ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይፈታ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረቱ ታላቅ ተጫዋች ዩሪ አቬርባክ መፍትሔውን አገኘለት።

መፍትሔው ረጅምና ረቂቅ ነው፤ ግቡ ግን አጭር ነው፤ የተቃራኒውን ፈርዝ መብላት። በባግዳድ ሕግ የጠላትን ንጉሥ ብቻውን ያስቀረ አሸናፊ ነውና። ይህንኑ አቀማመጥ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሕግ መሠረት ብናየው ነገሩ ይገለበጣል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ስለማይገደል፣ የመጨረሻውን ፈርዝ የበላ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጣል። ተሸናፊው ወገን እንዲያውም ያችን የመጨረሻ ጠጠር አስበልቶ ለመዳን ይጥራል። አራቱ ጠጠሮች አልተለወጡም፤ ስድሳ አራቱም ቤቶች ያው ናቸው። ነገር ግን በባግዳድ ዘውድ የምታስደፋ እርምጃ በጎንደር ድካምን ሁሉ ከንቱ ታደርጋለች። ስለዚህ «የተሻለች እርምጃ» የምትባለው በሰሌዳው ላይ ብቻ ተጽፋ የምትገኝ አይደለችም፤ ከሕጉ ጋር አብራ ትወለዳለች።

ጥር 1928 ዓ.ም.

ፕሮፌሰር ፓንክረስት እንደጻፉት ሰንጠረዥ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ጠፋ። ያ ጦርነት በደቡብ በኩል ያለፈው በነገሌ ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ዶሎ አቅጣጫ ወርደው ነበር፤ የሚታመኑትም በእግር በሚጓዝ ጦርና በጭነት ከብት በሚመጣ ስንቅ ነበር። ጄኔራል ግራዚያኒ በበኩሉ የጭነት መኪና፣ ብረት ለበስ ተሽከርካሪና አይሮፕላን ሰብስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአይሮፕላን ተደበደበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የኢጣልያ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ ወንዞቹን ተከትሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ገሠገሠ፤ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ነገሌን ያዘ። ራስ ደስታ እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ድረስ በዱር ሲዋጉ ቆይተው ተይዘው ተገደሉ።

የጦርነቱ ውጤት በአንድ እርምጃ ስሕተት አልተወሰነም። ሁለቱ ወገኖች የተሰለፉት በአንድ ዓይነት ጠጠር አልነበረም፤ በጨዋታ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው የኃይል እኩልነት በገናሌ ሸለቆ አልነበረም። ይህን አለመዘንጋት፣ ሰንጠረዥን የጦርነት ትምህርት ቤት አድርጎ ከመቁጠር ስሕተት ያድናል። ሆኖም በዚያ ዘመን ከጠፉት ነገሮች መካከል ይህ ጨዋታ አንዱ ነበር። የተጫወቱት መኳንንት በጦርነትና በስደት ተበተኑ፤ ተከታዩ ትውልድም ዓለም አቀፉን ቼዝ ተማረ። የወረራ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስለነበር እጁ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ ለእኛ በአብዛኛው የደረሰን የመንገደኞች መግለጫ ነው።

ፍለጋው ወደ ስሌት ሲለወጥ

በሌላው ዓለም የተሻለችው እርምጃ ፍለጋ በ20ኛው ምእተ ዓመት የሒሳብ ጥያቄ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመናዊው ኤርንስት ዘርሜሎ እንደ ቼዝ ባለ ጨዋታ በማንኛውም አቀማመጥ ከሦስቱ አንዱ የግድ እውነት መሆኑን አሳየ፤ አንደኛው ወገን በግድ ያሸንፋል፣ ወይም ሁለተኛው በግድ ያሸንፋል፣ ወይም ሁለቱም ቢያንስ እኩል መውጣት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1928 ጆን ፎን ኖይማን የፍለጋውን መርሕ በማያሻማ ቀመር አስቀመጠ። ተጫዋቹ ተቃራኒው የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ እንደሚያደርግ አስቦ፣ ከዚያ ክፉ መካከል ቀላሉን ይመርጣል።

መርሑ ግልጽ ቢሆንም ሥራው እጅግ ሰፊ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በቀላል ስሌት አሳየ። በአንድ አቀማመጥ ተጫዋቹ 30 ያህል ምርጫ አለው እንበል። የአንዱ እርምጃና የሌላው ምላሽ ሲባዛ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ጨዋታው 40 እርምጃ ቢቆይ፣ ሊሆኑ የሚችሉት ጨዋታዎች ብዛት አንድ ቁጥር ተጽፎ 120 ዜሮ ሲከተለው የሚገኘው ይሆናል። በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጨዋታ የሚመረምር መኪና ቢኖር እንኳ የመጀመሪያውን እርምጃ ለመምረጥ የሚያስፈልገው የዓመታት ቁጥር ከዘጠና የሚበልጥ ዜሮ ይኖረዋል። ስለዚህ ሻነን ሁለት መንገድ አመለከተ። አንደኛው ሁሉንም ቅርንጫፍ እስከ ተወሰነ ጥልቀት መርምሮ እዚያ ላይ በግምት መመዘን ነው፤ ሁለተኛው ተስፋ ያላቸውን ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ መርጦ በጥልቀት መከተል ነው።

የሰው ልጅ የሚከተለው ሁለተኛውን መሆኑን ሆላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት እ.ኤ.አ. በ1946 ባቀረበው ጥናት አረጋግጦ ነበር። ታላላቅ ተጫዋቾች እያሰቡ ድምፃቸውን አሰምተው እንዲናገሩ ሲደረግ፣ ከመካከለኞቹ እጅግ የበዛ እርምጃ አልቆጠሩም። ልዩነቱ ገና በመጀመሪያው እይታ ዓይናቸው ሊታሰብባቸው በሚገቡት እርምጃዎች ላይ ማረፉ ነበር። ይህም ልምድ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ብዙ ድልድይ የሠራ ባለሙያ የወንዙን ዳር አንድ ጊዜ ሲመለከት ከዐሥሩ ስፍራ ስምንቱን ያለ ስሌት ይተዋል፤ ስሌቱን የሚያውለው ለቀሩት ሁለቱ ነው።

መኪናው ግን በስፋት ሄደ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር በአንድ ሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ እየመረመረ የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ 3½ ለ2½ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ከሰው ምንም ጨዋታ ሳይማር፣ ከራሱ ጋር ብቻ በመጫወት በሰዓታት ውስጥ ከሁሉም በላይ ሆነ። ለአልፋዜሮ ግን አንድ ነገር የግድ መሰጠት ነበረበት፤ እርሱም የጨዋታው ሕግ ነው።

ገበጣና ሻሕ በስሌት ፊት

ቼዝ እስከ ዛሬ ተፈትቶ አላለቀም፤ በፍጹም ጨዋታ ማን እንደሚያሸንፍ የተረጋገጠ መልስ የለም። የአፍሪካ ጨዋታ ግን ተፈትቷል። ከገበጣ ዘመዶች አንዱ የሆነውን፣ በምዕራብ አፍሪካ ታዋቂ የሆነውን አዋሪን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ቭሪየ (ነፃ) ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል ሙሉ በሙሉ አሰሉት። በ12 ጉድጓድና በ48 ፍሬ የሚካሄደው ጨዋታ 889,063,398,406 አቀማመጥ እንዳለው፣ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ቢጫወት እኩል እንደሚወጣ ታወቀ። 144 ፕሮሰሰሮች አብረው ሠርተው ስሌቱ ከሁለት ቀን ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በአገራችን ያለው የገበጣ ዓይነት ብዙ ነው። ፕሮፌሰር ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ መቶ ያህል ዓይነት መዝግበዋል። ከነዚህ አንዱ በደቡብ፣ በኮንሶ ወንዶች የሚጫወቱት ላምላሜታ ነው። በሁለት ረድፍ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ በእያንዳንዱም ሁለት ፍሬ ይገባል። ጠቅላላው ፍሬ እንደ አዋሪ 48 ነው፤ ጉድጓዱ ግን 24 ነው። እነዚያኑ ፍሬዎች በእጥፍ በበዙ ጉድጓዶች መዝራት የሚቻልበትን መንገድ ያሰበ፣ ከአዋሪ እጅግ የሰፋ ስሌት እንደሚጠብቀው ይረዳል።

ወደ ነገሌው ግራር ጥላ ስንመለስ፣ የሻሕን ሕግ ጂ. ማሪን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ሶማሊ ጨዋታዎች ባሳተመው ጽሑፍ መዝግቧል። መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች 24 ናቸው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር አለው። በተራ አንድ አንድ እየተቀመጠ ሰሌዳው ጢም ብሎ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር ያሰለፈ ሰው ወዲያው አይበላም፤ ሰሌዳው ሲሞላ ከተቃራኒው አንድ ጠጠር ቀድሞ የማንሣት መብት ብቻ ያገኛል። ማንም ካላሰለፈ መብቱ በሁለተኛነት ላስቀመጠው ይሆናል። ከዚያ በኋላ በተከፈተው ስፍራ መንቀሳቀስ ይጀመራል፤ ሦስት ያሰለፈም ይበላል።

የዚህ ጨዋታ የአውሮጳ ዘመድ በእያንዳንዱ ወገን ዘጠኝ ጠጠር ይዞ የሚካሄደው ነው። እርሱን ራልፍ ጋሰር በዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እኩል እንደሚወጣ አረጋግጧል። የሻሕስ ስፋት ምን ያህል ነው? በ24 ነጥብ ላይ 12 ጠጠርና 12 እንጨት ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች 2,704,156 ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ባዶ ወይም የአንዱ ወይም የሌላው ቢሆን፣ የአቀማመጦቹ ብዛት ሦስት በራሱ 24 ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው፣ ማለት ከ282,429,536,481፣ ሊበልጥ አይችልም። ይህ ከአዋሪ ቁጥር አንድ ሦስተኛውን አያልፍም። እንግዲህ ሻሕን መፍታት ከሰው ዐቅም በላይ አይደለም፤ ጥሩ መሣሪያና ትዕግሥት ላላቸው ተማሪዎች የሚመጥን ሥራ ነው። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሕጉን ከተጫዋቾቹ አፍ፣ እንደየአካባቢው ልዩነቱ፣ በትክክል መመዝገብ ነው። ሰንጠረዥ ያመለጠን በዚህ ጉድለት ነው።

መደምደሚያ

ይህ ሁሉ የጨዋታ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር። ነገር ግን ከነገሌ ወደ ምዕራብ፣ በቦረና ቆላ፣ ሕጉ ሳይታወቅ የተመረጠች መልካም እርምጃ ምን እንደምታስከትል የሚያሳይ የሥራ ታሪክ አለ። ቦረናዎች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የክረምት ግጦሽ መሬታቸው የሚቆይ ውሃ ስላልነበረው ዝናቡ ሲያልፍ ከብቱ ይለቀዋል፤ ሣሩም ያርፍና ያገግማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተካሄደው የግጦሽ መሬት ልማት በዚያ መሬት ላይ በመኪና ኩሬዎች ተቆፈሩ። በውሃ መሐንዲስ ሚዛን ሥራው ትክክል ነበር፤ ከብቱ ወደ ውሃ የሚጓዘው መንገድ አጠረ፤ የሚጠራቀመውም ውሃ በዛ። ከዚያ በኋላ አካባቢውን ያጠኑ ሊቃውንት የመዘገቡት ግን ሌላ ነው። ውሃው ሲቆይ ከብቱም ቆየ፤ ያርፍ የነበረው መሬት ዕረፍት አጣ፤ ሣሩም ተጎዳ። የውሃው አለመኖር ራሱ የግጦሹ ሕግ ነበር። ኩሬውን የቆፈረ ባለሙያ የተቃራኒውን የመጨረሻ ፈርዝ በልቶ ድሉን እንዳጣው ተጫዋች ሆነ።

ጥፋቱ የስሌት አልነበረም። የመሬቱ ዘንበልታ፣ የጎርፉ መጠን፣ የግድቡ አፈር ተለክቶ ነበር። ሳይለካ የቀረው የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ ነገር ግን በማንኛውም ሰንጠረዥ ላይ ያልተጻፈው ደንብ ነው።

በደቡቡ ቆላ መንገድ የሚቀይሱ፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ መሥመር የሚዘረጉ የማኅበሩ አባሎች ብዙ ናቸው። በሥራ መካከል ፀሐይ ስትከር በግራር ጥላ ሥር ማረፍ አይቀርም፤ ከጎናቸውም ሻሕ የሚጫወቱ ሁለት ሽማግሌዎች ይኖሩ ይሆናል። ጠጠሩ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ፣ መንቀሳቀሻ የታጣ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ጠይቆ በመስክ ደብተር ላይ ማስፈር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በዚያው ግማሽ ሰዓት፣ መቆፈሪያው መኪና ከመነሣቱ በፊት፣ ከብቱ በየትኛው ወር የት እንደሚውልና ለምን እንደሚለቅ መጠየቅም ይቻላል።